የጎንደር እንግዶችና የዕለት መዝገቦቻቸው

ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ከተማ አድርገው ከቆረቆሩበት ከ1636 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ከመጻሕፍቱ ጋር ለማስተያየት እንዲመቹ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)፣ በምጽዋ ወደብ ወርዶ የሊማሊሞን ገደል የወጣ፣ ወይም የስናርን በረሃ ተሻግሮ በምዕራብ በኩል የመጣ፣ በአንገረብና በቅሐ ወንዞች መካከል በተቀመጠችው ከተማም ጥቂት ወራት ወይም ጥቂት ዓመታት ያሳለፈ የባዕድ አገር ሰው፣ ሐኪምም ሆነ ነጋዴ፣ መልእክተኛም ሆነ ሰባኪ፣ ቀን ያየውን ማታ በጧፍ ብርሃን እየመዘገበ አገሩ ሲገባ መጽሐፍ አድርጎ ማውጣቱ ከጥንት የቆየ ልማድ ነው። የእኛዎቹ ጸሓፍተ ትእዛዛት፣ ከእነርሱም መካከል የታላቁን ኢያሱን ዜና መዋዕል የጻፉት እነ አዛዥ ሐዋርያ ክርስቶስና የዐፄ በካፋን የጻፉት አዛዥ ሲኖዳ፣ ንጉሡ የት እንደ ዘመቱ፣ ማንን እንደ ሾሙና ማንን እንደ ሻሩ፣ ጾሙንና በዓሉን በየትኛው ደብር እንደ ፈጸሙ በጥንቃቄ አቆይተውልናል፤ ነገር ግን በገበያው መገበያያው ምን እንደ ነበረ፣ የታመመ ሕፃን በምን እንደ ታከመ፣ እንግዳ ሲገባ ባለቤቲቱ ምን ብላ እንደ ተቀበለችው መጻፍ ሥራቸውም ግዴታቸውም አልነበረም። ይህን ያቆየልን ለአገሬው ከመለመዱ የተነሣ የማይታየውን ነገር ሁሉ እንደ ብርቅ የሚመለከት መጻተኛ ነው።

ከእነዚህ መዝገቦች መካከል ደጋግሜ የማነባቸውን ገጾች ብቻ አንሥቼ ለአንባቢ ላሳይ አስቤአለሁ። ምርጫው የግሌ ነው፤ ዝናው ስለ ገነነ ብቻ የገባ የለም፣ ስሙ ስላልታወቀ ብቻም የቀረ የለም። መለኪያዬ አንድ ነው፤ ጸሓፊው የራሱን ጀግንነት መተረኩን ትቶ ያስተናገደውን ሰው በገዛ አንደበቱ ሲያናግረው ገጹ ነፍስ ይዘራል፤ አለዚያ ግን የአዳኝ ፉከራ ሆኖ ይቀራል።

የመጀመሪያው እንግዳ ፈረንጅ አልነበረም። የየመኑ ኢማም አል ሙተወኪል ወደ ዐፄ ፋሲለደስ የላኩት ቃዲ ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ ጎንደር የገባው በ1648፣ ከተማዪቱ ከተቆረቆረች ገና በዐሥራ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ዐፄው ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ ከቀይ ባሕር ማዶ ካሉት ገዢዎች ጋር ወዳጅነት ፈልገው የላኩት መልእክት በየመን በኩል የሃይማኖት መለወጥ ምልክት ሆኖ ስለ ተተረጎመ፣ ቃዲው ንጉሡን ወደ እስልምና የማግባት ተስፋ ይዞ ያን ሁሉ አስጨናቂ ጉዞ ከተጓዘ በኋላ ነገሩ ሌላ መሆኑን ተረዳ፤ ስለዚህም መጽሐፉ ቅሬታ የሞላበት ነው። ይሁን እንጂ ቅር የተሰኘ ሰው ምስክርነት ከአመስጋኝ ሰው ምስክርነት ይልቅ የሚታመንበት ጊዜ አለ፤ አል ሐይሚ ከሣር ጎጆዎች መካከል ከፍ ብሎ የቆመውን በድንጋይና በኖራ የታነጸ ግንብ ባየ ጊዜ አድናቆቱን ሳይሸሽግ ጻፈ፣ ግንበኛውም ከህንድ የመጣ ሰው መሆኑን ጨመረበት። የፋሲልን ግንብ ፖርቱጋሎች ሠሩት የሚለውን ወሬ እስከ ዛሬ የሚደግሙ ሰዎች፣ ኢየሱሳውያን ጎንደር ከመቆርቆሯ አስቀድሞ ከአገር እንደ ወጡና በዐይኑ ያየ ምስክር ሌላ ነገር እንደ ተናገረ ቢያስተውሉ መልካም ነበር።

ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ታላቁ ኢያሱ በቆዳ ደዌ ታመው ሐኪም እንዲያመጣላቸው ሐጂ ዓሊ የተባለውን እስላም ነጋዴ ወደ ካይሮ ላኩት፤ እርሱም ሻርል ፖንሴ የተባለውን ፈረንሳዊ ሐኪም አገኘ። የአገልጋይ ልብስ ለብሶ፣ ስሙን ለውጦ ከፖንሴ ጋር የተነሣው ኢየሱሳዊው ቄስ ብሬቭዳን ጎንደርን ሳያይ በመንገድ ሞቶ ቀረ፤ ሐኪሙ ግን ከዓመት በላይ ተጉዞ በ1699 ክረምት ከተማዪቱ ገባ። በአባቶቻቸው ዘመን በሃይማኖት ምክንያት የፈሰሰው ደም ገና ከሰው ልብ ስላልወጣ፣ ንጉሡ እንግዳቸውን በግልጥ ሳይሆን በስውር ተቀበሉት። ፖንሴ ስለ ቤተ መንግሥቱ ግርማና ስለ ሥርዐቱ ብዙ ይናገራል፤ እኔ የምወድለት ግን ስለ ገበያው የተናገረውን አጭር ገጽ ነው። በጎንደር ሱቅ የሚባል ነገር የለም፣ ንግዱ ግን ብርቱ ነው ይላል፤ ነጋዴው ሁሉ በአንድ ሰፊ አደባባይ ተሰብስቦ ሸቀጡን በሰሌን ላይ ይዘረጋል፣ መገበያያውም ወርቅና ጨው ነው፤ ወርቁ የንጉሥ መልክ የታተመበት ገንዘብ ሳይሆን እንደ ዕቃው ዋጋ እየተቆረጠ የሚሰጥ ነው፣ ለጥቃቅኑ ነገር ደግሞ አሞሌው ይበቃል። በዚያው ዘመን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተመረቀች ገና አምስት ዓመቷ እንደ ነበረ ስናስብ፣ ዛሬ በጣራዋ ላይ የተሣሉትን መላእክት ለማየት የምንሄድባት ከተማ በሳምንት ቀን ምን ትመስል እንደ ነበር የምናውቀው ከዚህ ሐኪም ብዕር መሆኑ ያስገርማል። መጽሐፉ በ1704 በታተመ ጊዜ በአገሩ ቃሉን የተጠራጠሩት ብዙዎች ነበሩ፤ ይህ ዕጣ ከእርሱ በኋላ ለመጣው ለሌላው እንግዳ በባሰ ሁኔታ ደረሰ።

በመካከሉ በ1752 የመጣው የቦሔምያ ሰው፣ ፍራንቸስካዊው መነኵሴ ሬሜዲዩስ ፕሩትኪ አለ፤ ዳግማዊ ኢያሱ ጠርተውት መጥቶ ዓመት ሳይሞላው የተባረረ ሲሆን፣ በላቲን የጻፈው መጽሐፍ እስከ 1991 ድረስ ተሟልቶ ሳይታተም ኖሯል። የእቴጌ ምንትዋብን ግምጃ ቤት ይጠብቅ የነበረው አርመናዊው ነጋዴ ዮሐንስ ቶቭማቺያንም አለ። እነርሱን እዚህ ላይ ልተዋቸው፤ ሰፊው ወንዝ ከፊታችን ነውና።

ያ ሰፊ ወንዝ ጄምስ ብሩስ ነው። ስኮትላንዳዊው ባላባት በየካቲት 1770 ጎንደር ሲገባ፣ የሚያስተናግዱት ሰዎች ከንጉሡ ጋር ዘመቻ ሄደው ስለ ነበር መጀመሪያ ያረፈው በእስላሞቹ ሰፈር ነበር። ወዲያው ግን በከተማዪቱ ፈንጣጣ ገብቶ የቤተ መንግሥቱን ልጆች ስለ ጣለ ወደ እቴጌ ምንትዋብ ግቢ፣ ወደ ቁስቋም ተጠራ፤ እርሱም ተዘግቶ የነበረውን መስኮትና በር አስከፍቶ፣ በሽተኞቹን በሆምጣጤና በሞቀ ውሃ አስጥቦ፣ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጥኖ የወይዘሮ አስቴርን ልጅ ከሞት አተረፈ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያዕቆብ የሚለው ስሙ በግቢው ውስጥ የታወቀ ሆነ። በአምስት ቅጽ የታተመውን መጽሐፉን በሙሉ ያነበበ ሰው ብሩስ በየምዕራፉ ተዋጊ፣ ፈረሰኛ፣ ተኳሽና መካሪ ሆኖ ብቅ እያለ እንደሚያሰለች ያውቃል፤ ግማሽ የሞራ ሻማ ጠመንጃ ውስጥ አጉርሶ ተኵሶ ሦስት ጋሻና የዋርካ ጠረጴዛ የበሳበትን ታሪክ ሲያወራ የአንባቢውን ጭብጨባ የሚጠብቅ ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምወደው ገጽ ግን ብሩስ የተዘለፈበት ገጽ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በዚያን ጊዜ ባላቸው ዐፄ በካፋም፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱም ካለፉ ቆይተዋል፤ የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢዮአስ በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገድለዋል፤ ልጃቸው ወይዘሮ አስቴር ደግሞ የእኒሁ የራስ ሚካኤል ሚስት ናቸው። ይህን ሁሉ ኀዘን ተሸክመው በቁስቋም የተቀመጡት እመቤት፣ እንግዳው ወደ ግሽ ዓባይ ለመሄድ ፈቃድ ሲለምናቸው የሰውን ልጅ ጠባይ እያደነቁ ሳቁበት። ከኢየሩሳሌም ወገን የመጣ ሰው፣ ክፉውን የቱርክ አገዛዝና ንዳድ ያለበትን ቆላ ሁሉ አልፎ፣ በአገሩ የሚበልጠውና የሚጠራው ሞልቶ ሳለ፣ ይዞት ሊሄድ የማይችለውን ወንዝና ረግረግ ለማየት መድከሙን ገለጡለት፤ እርሳቸው ግን የነገሥታት እናት ሆነው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በክብር ኖረው፣ ሌሊትና ቀን የሚመኙት ሁሉን ትተው ኢየሩሳሌም መድረስን፣ በጎልጎታ ደጃፍ ምጽዋት እየለመኑ መኖርንና በመጨረሻም የቤተ ክርስቲያኑ በር በሚታይበት መንገድ ዳር መቀበርን ብቻ እንደ ሆነ ነገሩት። ብሩስ ይህን ቃል ሳይጨምርም ሳይቀንስም አቆይቶልን እንደ ሆነ ማረጋገጫ የለንም፤ ነገር ግን በራሱ ላይ የተነገረውን ዘለፋ እንዲህ አሳምሮ መጻፉ ያስከብረዋል። እቴጌይቱ በ1773 ዐረፉ፤ ኢየሩሳሌምንም አላዩአትም።

ብሩስ በለንደን የተሳቀበት በሌላው ገጽ ነው። በአክሱም አካባቢ ወታደሮች ከሕያው ላም ሥጋ ቆርጠው ቁስሉን በቆዳው ሲከድኑት አይቻለሁ ብሎ መናገሩ መላ መጽሐፉን ሐሰት አሰኘበት፤ ከሣቂዎቹም አንዱ ዶክቶር ጆንሰን ነበር። ጆንሰን የኢየሱሳዊውን የሎቦን መጽሐፍ በ1735 የተረጎመና በ1759 ስለ አንድ የኢትዮጵያ ልዑል ልብ ወለድ የደረሰ፣ አገራችንን ግን በእግሩ ያልረገጠ ሰው ነው፤ በሐሳቡ የሣላት ኢትዮጵያ ከብሩስ ኢትዮጵያ ጋር አልገጥምም ብትለው እውነተኛይቱን ውሸታም አደረጋት። የብሩስ እውነተኛ ሐሰት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ከእርሱ ጋር የመጣው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ በጎንደር በ1771 ሞቷል፤ ብሩስ ግን በኅዳር 1770 ግሽ ሲደርስ ብቻዬን ነበርሁ ለማለት ሲል ሠዓሊው ከዚያ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ። የባሉጋኒ የራሱ የዕለት መዝገብ ግን ተርፎ በግሽ አብሮት እንደ ነበረ ይመሰክርበታል። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ያንኑ የዓባይ ምንጭ ማየቱንም ብሩስ በብዙ ገጽ ሊክድ ሞክሯል። ከጎንደር ጦርነት፣ ሬሳ በአደባባይ ከሚያድርበትና ጅብ በሌሊት ከሚዞርበት ዘመን በሕይወት የወጣው ይህ ሰው በ1794 በገዛ ቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። ይዞት የሄደው መጽሐፈ ሄኖክ ግን የአውሮጳን ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ሥራ አስያዛቸው።

ከብሩስ በኋላ ወደ ሳሙኤል ጎባት መጽሐፍ መሻገር ከሠርግ ቤት ወጥቶ ወደ ቅኔ ማኅሌት እንደ መግባት ነው። ስዊሳዊው የፕሮቴስታንት ሰባኪ በ1830 ጎንደር ሲቀመጥ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ ነገሥታቱ በግንቦቹ ፍርስራሽ መካከል በስም ብቻ ተቀምጠው፣ ጳጳስም ከግብጽ ሳይመጣ ቆይቶ፣ በከተማዪቱ የቀረው ሥልጣን የሊቃውንቱ ቃል ነበር ለማለት ይቻላል። ጎባት ግንብ አይገልጥም፣ ጦርነትም አይተርክም፤ ዛሬ ማን መጣ፣ ምን ጠየቀኝ፣ ምን መለስሁለት የሚል መዝገብ ነው የጻፈው። ደብተራው፣ መነኵሴው፣ ነጋዴው፣ ቤተ እስራኤላዊው ሁሉ ወደ ቤቱ እየመጡ ስለ ሥጋዌ፣ ስለ ቅባት፣ ስለ ሦስት ልደት፣ ስለ ጾም ይከራከሩታል፤ እጨጌ ፊልጶስም በወዳጅነት ይቀበሉታል። በራሱ መዝገብ ውስጥ ክርክር የተረታ ሰባኪ እስካሁን አላየሁም፤ ጎባትም ማታ ማታ ሁልጊዜ አሸናፊ ነው። ነገር ግን የተቃዋሚዎቹን ጥያቄ በታማኝነት ስለሚያሰፍር፣ አስተዋይ አንባቢ የእርሱን መልስ እየዘለለ የጎንደርን ሰዎች ጥያቄ ብቻ ቢያነብ፣ በዚያ በተከፋፈለ ዘመን የአንድ ተራ ምእመን የነገረ ሃይማኖት እውቀት እስከ ምን ድረስ እንደ ነበረ ያስተውላል። የእጨጌው ዝምታና ፈገግታም ከሰባኪው ረጅም መልስ ይልቅ የሚያስተምርበት ቦታ አለ።

ጎባት ለሰው ያድለው የነበረው የአማርኛ ወንጌል ራሱ አስደናቂ መንገደኛ ነበር። አቡ ሩሚ ተብሎ የሚታወቀው ኢትዮጵያዊ መነኵሴ በካይሮ ተቀምጦ፣ ፈረንሳዊው ቆንስል አስለን እያሠራው፣ መጽሐፍ ቅዱስን በዐሥር ዓመት ያህል ወደ አማርኛ መልሶት በዚያው በ1819 በወረርሽኝ ሞተ፤ ጽሑፉ በእንግሊዞች ገንዘብ ተገዝቶ በለንደን ታተመ፤ ከዚያም በአንድ ስዊሳዊ በቅሎ ላይ ተጭኖ ወደ ጎንደር ተመለሰ። በባዕድ አገር ሆኖ ስለ አገሩ የደከመ ሰው ሲነሣ ይህን መነኵሴ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ከጎባት ሁለት ዓመት በኋላ የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል መጣ። እርሱ ደረቅ ጸሓፊ ነው፤ የተራራውን ከፍታ ይለካል፣ የወፉን ላባ ይቈጥራል፣ ሳቅና ልቅሶ ግን በመጽሐፉ ውስጥ እምብዛም የለም። ሆኖም የሰሜንን አምባ ተሻግሮ ያያቸውን ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀ እርሱ ነው፤ በገደሉ ላይ የሚያንዣብብ አንድ ጥንብ አንሣም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በጎንደር ተቀምጦ የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍትም በከተማው በፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል። ዜና መዋዕሉን በማግኘትና በማስተዋል የረዱት ሊቅ አጽቁ የተባሉ የጎንደር ሰው ነበሩ፤ እነሆ ወደ እርሳቸው ደጃፍ ደረስን።

ሊቅ አጽቁ ከእነዚያ በንጉሡ ችሎት ተቀምጠው ፍትሐ ነገሥቱን እየገለጡ ይፈርዱ ከነበሩት ሊቃውንት አንዱ ሲሆኑ፣ ቤታቸው ለመጣው እንግዳ ሁሉ ክፍት ነበር። ወንድማማቾቹ አንቷንና አርኖ ዳባዲ በ1838 ጎንደር ሲገቡ ያረፉት በእርሳቸው ቤት ነው። ታላቁ አንቷን መሣሪያዎቹ እንደማይበቁት አይቶ የተሻሉ ሊያመጣ ወደ አውሮጳ ተመለሰ፤ ታናሹ አርኖ ግን ከሽማግሌው ጋር ቀረ፣ የእግር ጫማውንና የፈረንጅ ልብሱን ጥሎ ሸማ ለበሰ፣ አማርኛውን ተማረ፣ ኋላም በጎጃም ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ባለሟል ሆኖ ዘመተ። በ1868 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የሚጥመኝ የጦርነቱ ወሬ ሳይሆን፣ በሊቅ አጽቁ ቤት ያሳለፋቸው ምሽቶች ናቸው። ሽማግሌው ያስተምሩታል፣ ይቀልዱበታል፣ ሲሳሳት ያርሙታል፤ ወጣቱም ሰው ሸማውን እንዴት እንደሚለብስ፣ ለታላቅ ሰው ሲያደገድግ፣ ለኀዘን ሲለብስ፣ ሲቈጣ ወይም ሲለምን የሸማው ጫፍ የት እንደሚውል በብዙ ገጽ ይገልጣል። ዛሬ በጎንደር አዛውንት ብቻ የሚያውቁትን ይህን የአለባበስ ሥርዐት አንድ ፈረንሳዊ በዚያን ጊዜ ባይጽፈው ኖሮ የምንጠቅሰው ሰነድ እምብዛም ባልኖረን።

አንቷን ደግሞ ተመልሶ አገሩን በመነጽር ከአምባ ወደ አምባ እየለካ ካርታ አነሣ፣ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ፣ የሰበሰባቸውም ከሁለት መቶ የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ብዙ አንባቢ አንቷንን ያስበልጣል፤ ለሳይንስ ያደረገው አይካድም። እኔ ግን አርኖን አስበልጣለሁ፤ አንቷን ኢትዮጵያን ለካ፣ አርኖ ግን ኢትዮጵያ ስትለካው ታግሦ ቆመ።

የጻፈ ሰው ሁሉ የጻፈበት ሰው ሊያነበው እንደሚችል አያስብም። ይህን በጎንደር በመራራ ሁኔታ የተማረው ሄንሪ ስተርን ነው። ለቤተ እስራኤል ሊሰብክ የመጣው ይህ ሰው በ1862 በለንደን ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲጽፍ፣ እናታቸው በድህነታቸው ዘመን ኮሶ ይሸጡ ነበር የሚለውን የጠላት ወሬ አስገባበት። ዳግመኛ በመጣ ጊዜ፣ በ1863 መጨረሻ፣ ወረቀቱ ተበረበረ፤ ስለ ንጉሡ የጻፈው ቃል እየተተረጎመ በጎንደር በጉባኤ ፊት ተነበበበት፤ ደብዳቤ የተገኘበት ባልንጀራው ሮዘንታልም አብሮ ተከሰሰ። ከዚያ በፊት ስተርን ራሱ ክፉኛ ተገርፎ፣ ከአገልጋዮቹ የሞቱበት ነበሩ፤ ከመቅደላ ሰንሰለት የወጣውም በ1868 የእንግሊዝ ጦር ሲመጣ ነው። የንጉሡ ቅጣት ከልክ ያለፈ እንደ ነበረ ታሪክ ፈርዶአል፤ ዳሩ ግን በሰው አገር ተቀምጦ የአስተናጋጁን እናት ስም በመጽሐፍ ለማጉደፍ ነፃነት አለኝ ያለውም ሰው ከወቀሳ ነፃ አይደለም። ያን ጊዜ የሩቁ አንባቢ ብቻ ነው የሚቈጠረው ብሎ የጻፈ ሰው የቅርቡ አንባቢ ከኋላው ቆሞ አገኘው።

ከዚህ በኋላ ጎንደር ራሷ ተቃጠለች፤ በ1866 በቴዎድሮስ እጅ፣ በ1888 በድርቡሾች እጅ አብያተ ክርስቲያናቷ ጠፉ፣ እንግዶቿም ተመናመኑ። በ1932 ክረምት የገባው የፈረንሳዮቹ የጥናት ጓድ፣ ማርሴል ግሪዮል የሚመራውና ከዳካር እስከ ጂቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው፣ ያረፈው በጣልያን ቆንስል ግቢ ነበር። የጓዱ ጸሓፊ የነበረው ሚሼል ሌሪስ አባ ዤሮም ገብረ ሙሴ እያስተረጎሙለት በበዓታ ሰፈር የወይዘሮ መልካም አያሁን ደጅ ጠና፤ እኒህም ሴት በከተማዪቱ የታወቁ ባለ ዛር ነበሩ። ቡናው ሲፈላ፣ ዕጣኑ ሲጤስ፣ ዛሩ ፈረሱን ሲጋልብ፣ ደሙ ሲፈስ ያየውን በየቀኑ ጻፈ፤ በ1934 ያወጣው መጽሐፍ ከሌሎቹ የሚለየው ግን ራሱን ባለመማሩ ነው። ለመሥዋዕት የሚሆነውን ዶሮና በግ የሚገዛው እርሱ ነበርና፣ ያየሁት ሥርዐት ለዛሩ ነው ወይስ ለኪሴ የሚለውን ጥርጣሬ፣ ቁጣውን፣ ስግብግብነቱን፣ ብቸኝነቱን ሳይሸሽግ አሰፈረ። ወይዘሮ መልካም አያሁ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ንግግር አዋቂ፣ ተንኰለኛ፣ አንዳንድ ጊዜም እናት ሆነው ይታያሉ፤ ከአንድ ሊቅ ያላነሱ መምህር ነበሩ፣ ነገር ግን እውቀታቸው ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ስለ ሆነ በአገር ጸሓፊ ብዕር አልተዘከሩም።

በዚያው መጽሐፍ የጓዱ ሰዎች ከከተማዪቱ አጠገብ ካለችው ከአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን የጥንቱን ሥዕል እንዴት ከግድግዳው እንዳነሡና በምትኩ ሠዓሊው ሩ የሣለውን ግልባጭ እንዴት እንደ ለጠፉ ተጽፏል። ሥዕሉ ሊፈርስ ነበር፣ አዳንነው የሚል ምክንያት ይሰጣሉ፤ ምክንያቱን ያነበበ የጎንደር ሰው ግን የዳነው ሥዕል ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ተሰቅሎ ሲያይ ማን ከማን እንዳዳነው መጠየቁ አይቀርም። ከዚሁ ጓድ ጋር በጎንደር የግዕዝ ጽሑፍንና የቤተ እስራኤልን ነገር ስታጠና የቆየችው ዲቦራ ሊፍሺትዝ በ1942 በአውሽዊትዝ በናዚዎች እጅ ተገደለች። የጎንደርን ክታብ በጥንቃቄ ያነበበች ሴት እንዲህ መሞቷን ሳስብ፣ የእነዚህ መዝገቦች ሁሉ ጸሓፊዎች እኛን አረመኔ ለማለት የነበራቸው ድፍረት ያስገርመኛል።

ከነፃነት በኋላ የመጡት ብዙ ናቸው። በ1954 በተከፈተው የጤና ኮሌጅ ያስተማሩ፣ ከ1962 ጀምሮ በሰላም ጓድ ስም መጥተው በየትምህርት ቤቱ የቆሙ ወጣቶች ወደ ቤታቸው የላኩት ደብዳቤ ቢሰበሰብ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋል። ከታተሙት ግን የአየርላንዳዊቷን የደርቭላ መርፊን እመርጣለሁ፤ በ1966 መጨረሻ ከምጽዋ ተነሥታ፣ ጆክ ከምትለው በቅሎዋ ጋር በትግራይና በሰሜን ተራሮች አልፋ፣ በጎንደርና በጣና በኩል እስከ አዲስ አበባ የሄደች ሴት ናት። በቁንጫ ያላማረረ ፈረንጅ ጸሓፊ እምብዛም የለም፤ እርሷም አማርራለች። አንዳንድ ፍርዷም የችኮላ ነው። ነገር ግን ከመንገድ ራቅ ባሉት የደጋ ቤቶች እያደረች፣ ከእሳቱ ዳር ስለ ተሰጣት ቦታና ስለ ቀረበላት ምግብ የጻፈችው ቃል ከማዕረግተኞች ግብዣ ወጥቶ ወደ ገበሬው ጎጆ የገባ ስለ ሆነ፣ ከፖንሴ ጀምሮ የጎደለውን ነገር ይሞላል። ከእርሷ በፊት የነበሩት ሁሉ ያደሩባቸው የገበሬ ቤቶች ብዙ ነበሩ፤ የባለቤቶቹን ነገር ግን ከበቅሎአቸው ያነሰ ጽፈዋል።

እነዚህ መጻሕፍት በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በላቲንና በዐረብኛ ተጽፈው በሩቅ አገር ቤተ መጻሕፍት ሲቀመጡ፣ በውስጣቸው የሚናገሩት ግን እቴጌ ምንትዋብ፣ እጨጌ ፊልጶስ፣ ሊቅ አጽቁና ወይዘሮ መልካም አያሁ ናቸው፤ የተናገሩትም በአማርኛ ነበር። የውጭ ቋንቋ የምታውቁ የጎንደር ልጆች፣ ይልቁንም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ፣ ሁሉን በአንድ ጊዜ ለማድረግ አትድከሙ፤ ከአርኖ ዳባዲ መጽሐፍ የሊቅ አጽቁን ቤት ክፍል አስቀድማችሁ ወደ አማርኛ መልሱ፣ ቀጥሎም የጎባትን የጎንደር ወራት። ብሩስ አምስት ቅጽ ስለ ሆነ ሊቆይ ይችላል።